የጎተንበርግ የገበያ አዳራሽ፦ የሚገዛው መደብ ነው ወይስ ጎረቤት?

የእህል በረንዳ ሰው ስዊድን ምን ሊሠራ ሄደ የምትሉ አንባቢያን አትጠፉም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎተንበርግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በየካቲት ወር ስልክ ደወለችልኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በሰው ኩሽና ተቀጥራ ስትሠራ ያጠራቀመችው ገንዘብ አላት። በከተማዋ ካሉት የገበያ አዳራሾች በአንዱ ውስጥ አንድ መደብ ሊሸጥ ነው ተብላለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በንግድ የጨረሱ ሰው ነዎት። መጥተው ይዩልኝና ግዢ ካሉኝ እገዛለሁ፤ ተይ ካሉኝ እተወዋለሁ» አለችኝ። እንዲህ ያለ አደራ ከባድ ነው። ግዢ ብያት ብትከስር የአክስቴን ዓይን ማየት አልችልም፤ ተይ ብያት ሌላ ሰው ገዝቶ ቢያተርፍበት ደግሞ የእሷን። ቪዛው እንደ ተፈቀደልኝ በሚያዝያ ሄድኩ።

የሚሸጠው መደብ ያለበትን አዳራሽ ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ ገና በድርድር ላይ ነው። እሷም የመጀመሪያውን ቀን ወደዚያ አልወሰደችኝም። «መጀመሪያ ትልቁን ይዩ፤ የአዳራሽ ንግድ ምን እንደሆነ እዚያ ነው የሚገባዎት» ብላ በትራም ወደ መሐል ከተማ ይዛኝ ወረደች። ብልህ ልጅ ናት።

ስቶራ ሳሉሃለን ይሉታል፤ ታላቁ የገበያ አዳራሽ ማለት ነው። የድሮውን የከተማ ምሽግ ይከብ በነበረው የውኃ ቦይ አጠገብ፣ የንጉሥ አደባባይ በሚባለው ሥፍራ ላይ ቆሟል። ሃንስ ሄድሉንድ የተባለ አርክቴክት ነድፎት በ1889 ተከፈተ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጣሪያው ብረትና መስተዋት ስለሆነ ከውስጥ ሲያዩት የባቡር ጣቢያ ይመስላል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች ሥጋውን፣ ቅቤውንና ዓሣውን ከሜዳ እያነሱ ጣሪያ ሥር ያስገቡ ነበር። የስቶክሆልሙ የኦስተርማልም አዳራሽ የተከፈተውም ከዚህኛው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1888 ነው። ምክንያቱ ለነጋዴው ታዝኖ ብቻ አልነበረም። ሜዳ ላይ የተበተነን ሥጋ ለመመርመርም ሆነ ከሻጩ ኪራይ ለመሰብሰብ ያስቸግራል። አዳራሽ ግን በር አለው፤ በር ያለው ገበያ ደግሞ ይቆጠራል። ሕንፃው ዛሬም የከተማው ነው፤ የሚያስተዳድረው የከተማው የሕንፃ ኩባንያ ነው።

ከውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚገርመው ጸጥታው ነው። መርካቶን የለመደ ጆሮ ገበያው የተዘጋ ይመስለዋል። የሚጣራ የለም፣ የሚጎትት የለም፣ «ና ግባ» የሚል የለም። ሻጩ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል፤ ገዢው ከአንዲት ትንሽ ማሽን የተራ ቁጥር ወረቀት ቀዶ ቁጥሩ እስኪጠራ ይቆማል። ፎርማጆ የሚሸጡት፣ ሉካንዳዎቹ፣ ዓሣ ሻጮቹ፣ ዳቦና ኬክ ቤቶቹ፣ ቅመም ሻጮቹ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋው ተጽፏል፤ የአንዱ ብቻ ሳይሆን የኪሎውም ጭምር፣ ገዢው ከሌላው ጋር እንዲያስተያይ። ይህ የሻጩ ደግነት አይደለም፣ ሕግ ነው።

ታዲያ እኔ የእህል በረንዳ ሰው፣ ዋጋ ተጽፎ ሳይ እጄን ያሳክከኛል። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ከሚሸጡት ፎርማጆ ግማሽ ኪሎ ጠየቅሁና «ትንሽ ቀንሺ በያቸው» አልኳት የአክስቴን ልጅ። አፈረች፤ ግን ነገረቻቸው። ሴትየዋ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። በመላጫ ቢላዋቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ ላጥ አድርገው ሰጡኝና አንድ ነገር አሉ። «ዋጋው አይቀንስም፤ ይቅመሱት ግን ብለዋል» ስትል ተረጎመችልኝ። በኋላ እንደ ነገረችኝ በስዊድንኛው ያሉት «ቅመሰው» ነው። በዚያ አገር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትልቁም ትንሹም፣ ሹሙም ገበሬውም አንተ እየተባባሉ ነው የሚኖሩት። እሷ ግን ለእኔ በአማርኛ ስታደርሰው አከበረችኝ።

ቀመስሁት፣ ገዛሁት፤ ከዚያም አልፎ ሌላ ዓይነት ጨመርሁ። ከአዳራሹ ወጥቼ ሳስበው ሴትየዋ ከእኔ በላይ ነጋዴ ናቸው። እኔ የጠየቅሁት ቅናሽ ከግማሽ ኪሎው ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት ክሮነር ያስወጣቸው ነበር። የሰጡኝ ቁራጭ ከአንድ ክሮነር አይበልጥም፤ እኔም ሁለተኛ ዓይነት ገዝቼ ሄድኩ። ቅናሽ ገዢን የሚያስታርቀው ለዚያ ቀን ነው። ቅምሻው ግን ይመልሰዋል።

ይህን ያህል ስለ አንዲት የፎርማጆ ሻጭ የጻፍሁት የአዳራሹ ንግድ ምሥጢር እዚያው ስላለ ነው። እስቲ ነገሩን በነጋዴ ዓይን እንየው። ስዊድን ውስጥ ምግብ የሚሸጡት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። ትልቁ ኢካ ነው፤ ገበያውን ግማሽ ያህል ብቻውን ይዟል። የኢካ ታሪክ ለእኛ ነጋዴዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በ1917 ሃኮን ስቬንሶን የተባለ ሰው ትናንሽ ባለሱቆች በአንድነት በጅምላ የሚገዙበትን ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ የተስፋፋ ነው። እስከ ዛሬም አብዛኛውን መደብር የሚያስተዳድረው በራሱ ስም የሚነግድ ባለሱቅ ነው። ከኢካ ቀጥሎ የሸማቾች ማኅበራት የሆነው ኮፕና አክስፉድ የሚባለው ኩባንያ አሉ። ጀርመናዊው ሊድልም ከ2003 ጀምሮ ገብቷል። እነዚህ ሁሉ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ፎርማጆ በፕላስቲክ አሽገው፣ ከአዳራሹ ባነሰ ዋጋ፣ እሁድንም ጨምሮ ይሸጣሉ። ታላቁ አዳራሽ ግን እሁድ ዝግ ነው።

በዋጋ የማይወዳደር፣ በሰዓት የማይወዳደር፣ መኪና ማቆሚያ የሌለው ገበያ በምን ይኖራል? የሚኖረው ሱፐር ማርኬቱ በማያደርገው ነገር ነው። ባለ ሉካንዳው አጥንቱን እንዴት ልቁረጠው ብሎ ይጠይቃል። ዓሣ ሻጩ ለዛሬ ማታ ነው ወይስ ለነገ ብሎ ይጠይቃል፤ ለነገ ከሆነ ይህን አትውሰድ ይላል። እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ አንዱን ገዢ ዛሬ አትግዛ ብሎ መለሰው። ሰውየው ካልታመነ መደቡ መስታወትና በረዶ ብቻ ነው።

ከ2022 ጀምሮ በስዊድን የምግብ ዋጋ እንደ እሳት ሲወጣ የዚህ ዓይነቱ ንግድ ተፈትኗል። በ2023 መጀመሪያ ላይ የምግብ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው ከ20 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር። ደመወዝተኛው እጁን ሲሰበስብ መጀመሪያ የሚቀንሰው ውድ ፎርማጆውን ነው። ይሁንና አዳራሾቹ አልተዘጉም። ምክንያቱን ፍለጋ ማክሰኞ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዳግመኛ ብቻዬን ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ።

በእህል በረንዳ አንድ የቆየ ዘዴ አለን። የአንዱን መጋዘን ንግድ ለማወቅ ባለቤቱን አትጠይቅም፤ በሩ ላይ ቆመህ የሚወጣውን ኩንታል ትቆጥራለህ። እኔም የሚወጣውን ሰው እጅ መመልከት ጀመርሁ። ከረጢት የያዘ ለቤቱ ምግብ ገዝቷል። ባዶ እጁን አፉን እየጠረገ የሚወጣው ደግሞ በልቶ ነው የወጣው። በዚያን ዕለት ማክሰኞ ከረጢት የያዙትን በጣቶቼ ቆጠርኋቸው፤ የበሉት ግን ሰልፍ ነበሩ። የቢሮ ሠራተኛው ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይገባል፣ ሾርባውን ወይም ሽሪምፕ የተከመረበትን ዳቦ ይበላል፣ ይወጣል፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ይራገፋል። ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ አገኘሁት፦ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ አሮጊቶች ባለ ጎማ ዘንቢል እየጎተቱ፣ በየባንኮኒው ቁጥር እየተጠራ። የከረጢቱን ቁጥር መሐል ላይ ተውኩት፤ በዛብኝ።

እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ገበያ ነው ያለው። አንደኛው የቅዳሜው ገበያ፣ ጥሬ ዕቃው ነው። ሁለተኛው የአዘቦቱ ምሳ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀስ በቀስ ቦታ እየወሰደ መሄዱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሉካንዳው ጥግ ላይ አምስት ከፍ ያሉ በርጩማዎች አሉ፣ ዓሣ ሻጩ ከባንኮኒው ግማሹን ለሰሃን ለቋል።

ለምን ቢባል ሒሳቡ ነው። ጥሬ ዓሣ ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ዋጋው ይወርዳል፣ ከነገ ወዲያ ይጣላል። ያው ዓሣ ሾርባ ሲሆን ግን አንድ ኪሎው ብዙ ሰሃን ይወጣዋል። የመንግሥት ታክስም እጁ አለበት ብዬ አምናለሁ። በስዊድን መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ 25 በመቶ ሲሆን ምግብ ከ1996 ጀምሮ 12 በመቶ ነበር የሚከፈልበት። ምግብ ቤት ተቀምጠው ሲበሉ ግን 25 ነበር። በዚህ ምክንያት አንዱ የሽሪምፕ ዳቦ ተጠቅልሎ ሲወጣ 12፣ በርጩማ ላይ ሲበላ 25 ይቆረጥበት ነበር። በጥር 2012 የምግብ ቤቱ ታክስ ወደ 12 ወረደ። ከዚያ በኋላ በርጩማ ማስቀመጥ ቅጣት መሆኑ ቀረ። በ2025 ደግሞ መንግሥት በተራው የጥሬ ምግቡን ታክስ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ለጊዜው ወደ 6 በመቶ ለማውረድ፣ የምግብ ቤቱን ግን በ12 ለመተው ዕቅድ አቅርቧል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ አልገረማትም፤ እኔ ግን ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍሁት። ሚዛኑ ወደ ከረጢቱ ትንሽ ሊያዘነብል ነው ማለት ነው።

ከታላቁ አዳራሽ በእግር ቦዩን ተከትሎ የሚደረስበት ሌላ ቤት አለ። ከሩቅ ሳየው ባርኔጣዬን አውልቄ ልሳለም ነበር። ሹል ጣሪያ፣ ረዣዥም የጎቲክ መስኮቶች፣ የተሟላ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ጋሼ፣ ዓሣ ነው የሚሸጠው» ብላ ሳቀችብኝ። ስሙም ፌስኬሾርካ ነው፤ በጎተንበርግ ሰዎች አነጋገር የዓሣ ቤተ ክርስቲያን እንደ ማለት። ቪክቶር ፎን ጌገርፌልት የሚባል አርክቴክት ሠርቶት በ1874 ተከፈተ። ውስጡ ምሰሶ የሌለው አንድ ሰፊ ወለል ነው፤ ዓሣ በውኃ የሚታጠብበት፣ ገዢ ከዳር እስከ ዳር የሚያይበት እንዲሆን ታስቦ ነው። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በ2020 ለጥገና ተዘጋ። ጎተንበርግ ጭቃማ አፈር ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ መሠረቱ መጠናከር ነበረበት። አራት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆይቶ በ2024 እንደገና ተከፈተ።

አሁን ሲገቡበት ቤቱ ያምራል፤ የሚናገረው የለም። ዓሣ የሚሸጥበት ባንኮኒ አለ፣ ሽሪምፑም ሎብስተሩም በበረዶ ላይ ተደርድሯል። ነገር ግን ዓይኔ የቆጠረው ወንበር ነው። እኔ በነበርሁበት ሰዓት ከሚገዛው የሚበላው፣ ከሚበላው ደግሞ ፎቶ የሚያነሳው ይበዛ ነበር። የድሮ ደንበኞች አራት ዓመት ሙሉ ዓሣቸውን ከየትም አግኝተው ኖረዋል። አራት ዓመት የሌላ ሰው ደንበኛ ሆኖ የቆየ ገዢ በሪባን መቁረጥ አይመለስም። በከተማው ላይ መፍረዴ አይደለም፤ የሚሰምጥ ቤት መጠገን ነበረበት። ስቶክሆልምም የኦስተርማልምን አዳራሽ ከ2016 ጀምሮ ሲያድስ አስቀድሞ አደባባዩ ላይ ጊዜያዊ አዳራሽ ሠርቶ ነጋዴዎቹን እዚያ አዛወራቸው፤ ገዢው መንገድ ተሻግሮ ያንኑ ባለ ሉካንዳ አገኘው። የታደሰው በመጋቢት 2020፣ ኮሮና በገባበት ወር፣ ተከፈተና ሌላ መከራ አገኘው እንጂ ዘዴው ትክክለኛ ነበር። አትክልት ተራ በዚያው ዓመት ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ ደንበኛውን ያጣ ችርቻሮ ነጋዴ ይህን ልዩነት ሳላስረዳው ያውቀዋል።

አሁን ወደ መደቡ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ልትገዛ ያሰበችው መደብ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ነው። ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ አለው። ሻጩ ዕድሜው ገፍቷል፤ ለዕቃውና ለቦታው አንድ ላይ ዋጋ ጠይቋል። ስንት እንደሆነ የእሷ ጉዳይ ስለሆነ አልጽፈውም፤ ነገር ግን ዕቃውን ብቻ ብንገምት ከግማሽ በታች ነው። ቀሪው መርካቶ ውስጥ ቁልፍ የምንለው ነው። በአገሩ ሕግ መሠረት ሻጩ የኪራይ ውሉን ለሌላ ለማስተላለፍ የባለ ሕንፃውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሦስት ዓመት የነገደ ከሆነና ባለ ሕንፃው በቂ ምክንያት ከሌለው ግን የኪራይ ጉዳዮች ቦርድ ሊፈቅድለት ይችላል። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ውሉን አስነበብኋት። እሷ ታነባለች፣ ትተረጉማለች፤ እኔ እጠይቃለሁ። ሦስት ምሽት ፈጀብን። በስዊድን የንግድ ቤት ተከራይ አንድ ዋስትና አለው፦ ባለ ሕንፃው ያለ በቂ ምክንያት ውሉን አላድስም ካለ ካሣ ይከፍላል፤ ካሣውም ከአንድ ዓመት ኪራይ አያንስም። ያለ ምክንያት ቁልፍ የሚገዛ የለም፤ ቁልፉ የሚሸጠው ይህ መብት ስላለ ነው። በመጨረሻው ምሽት ግን ከውሉ ኋላ በተለየ ወረቀት የተያያዘ አንድ ገጽ አገኘን። ተከራዩ ይህንን መብት ትቻለሁ ብሎ የሚፈርምበት ነው። ሕጉ በተለየ ወረቀት የተጻፈ እንዲህ ያለ ስምምነት ሊኖር እንደሚችል ይፈቅዳል። የአክስቴ ልጅ ሻጩ ስለ ወረቀቱ ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኋት። አልነገራትም። ሽማግሌው ሊያታልላት ፈልጎ ነው አልልም፤ ምናልባት ራሱም ከፈረመ ወዲያ አላየው ይሆናል። ነገር ግን መብቱ የሌለበትን ቁልፍ በመብቱ ዋጋ እየሸጠላት ነው።

ይህ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ጠበቃ ያስተካክለዋል ወይም ዋጋ ያስቀንሰዋል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። መደብ ገዝቼ እገባለሁ የሚል ሰው የሚያየው መደቡን ነው፤ ስፋቱን፣ መብራቱን፣ ምድጃውን። በአዳራሽ ውስጥ ግን የሚገዛው ጎረቤት ነው። ማንም ሰው ለእሷ ሽሮ ብሎ ከቤቱ አይነሣም፤ ለዓሣው መጥቶ ነው ሽሮውን የሚያየው። ዓሣ ሻጩ ሰሃን ሻጭ ከሆነ፣ ሉካንዳው በርገር ቤት ከሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣው ባለ ዘንቢል ይቀራል። ያኔ ሃያው መደብ በሙሉ አንዲቷን የምሳ ሰዓት ይሻማል። የምሳ ሰዓት ደግሞ አይለጠጥም። ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ ለአንዱም ለሃያውም።

እሷ የነበራት ዕቅድ ዶሮ ወጥ፣ ምስርና ጎመን በእንጀራ ለምሳ መሸጥ ነው። እጇ እንደሆነ አይነቀፍም፤ በሁለተኛው ምሽት ያበላችኝን ምስር እስካሁን አልረሳሁትም። ግን ሒሳቡን ጻፍንበት። አንድ ሠራተኛ ብትቀጥር ከደመወዙ በላይ 31.42 በመቶ የአሠሪ መዋጮ ለመንግሥት ትከፍላለች። በሁለት ሰዓት ተኩል ምሳ የሙሉ ቀን ሠራተኛና የወር ኪራይ መሸፈን አለበት። ቀሪው ሰዓት ምን ይሸጣል?

«የሚወሰድ ዕቃ ሽጪ» አልኳት። እንጀራ በፓኬት፣ በርበሬና ሽሮ በትንንሽ ዕቃ፣ የተቆላ ቡና። በዚያው በታላቁ አዳራሽ ይርጋጨፌ የሚል የተጻፈበት የቡና ከረጢት አይቻለሁ፤ ከተቀሩት ሁሉ ከፍ ባለ ዋጋ ተቀምጦ። ዋጋው ቢያስደነግጥም አያስገርምም፤ በየካቲት 2025 አረቢካ ቡና በኒውዮርክ ገበያ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ሻጩ ወጣት ስለ ይርጋጨፌ ሊያስረዳኝ ሞከረ። አዳመጥሁት፤ ክፉ አልተናገረም። ይህ ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን ነው የሚያወራው፤ እሷ ግን ስትቆላው ያደገች ናት። ጭሱ ብቻ ከመተላለፊያው ጫፍ ሰው ይጠራል።

እሷ ግን ዝም ብላ የምትቀበል አይደለችም። «ጋሼ፣ ስዊድናዊ በርበሬ ገዝቶ ቤቱ ወስዶ ምን ይሠራበታል? የእኛ ሰው ደግሞ በርበሬ ከእናቱ ያስልካል እንጂ ከአዳራሽ አይገዛም» አለች። እውነት አላት። እንጀራውም ቢሆን ቀላል አይደለም። አገራችን በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ እንጀራው ተጋግሮ እንዲወጣ ስለፈቀደች፣ እዚያ ያለው ነጋዴ ወይ በአውሮፕላን የመጣ እንጀራ ይገዛል፣ ወይ ሌላ አገር የበቀለ ጤፍ ፈልጎ ያስጋግራል። ሁለቱም ውድ ነው። ስለዚህ ምሳውን ተዪው አላልኳትም። ያልኳት ባንኮኒውን ለሁለት ክፈይው ነው። ሰሃኑ ስዊድናዊውን ያስተምራል፤ ምስሩን የወደደ ሰው ከአጠገቡ የተቀመመ ምስርና የአሠራሩን ወረቀት በአንድ ከረጢት ቢያገኝ ቅዳሜ ይወስደዋል። የፎርማጆዋ ሴት ቅምሻ ማለት ይኸው ነው፤ የእሷ ቅምሻ ሰሃኑ ይሁን።

በነገራችን ላይ እዚህ አዲስ አበባ ሕንፃ ሠርታችሁ የላይኛውን ፎቅ ለምግብ ቤቶች ብቻ ለማከራየት ያሰባችሁ ባለሀብቶች ካላችሁ ይህን ሒሳብ ብታዩት አይጎዳችሁም። አሥር ምግብ ቤት ደርድሮ ከአንዱም ኪራይ መሰብሰብ ለጥቂት ዓመት ይቻላል። አንድ ጥሩ ባለ ሉካንዳ ወይም ቅቤና ማር ነጋዴ በቅናሽ ኪራይ መሐላቸው ማስቀመጥ ኪሳራ የሚመስለው በወረቀት ላይ ነው። ደላላው ይህን አይነግራችሁም፤ የእሱ ኮሚሽን በካሬ ሜትር ነው የሚታሰበው። (ደላሎች አትቀየሙኝ፤ እኔም በወጣትነቴ ደልዬአለሁ።)

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ወደ ራሷ አዳራሽ አብረን ሄድን። በሩ ላይ ግራና ቀኝ ቆመን ከረጢት ቆጠርን፤ እሷ በስልኳ፣ እኔ በወረቀት። የእሷ ከእኔ በሰባት በለጠ፤ ዓይኗ ይሻላል። ቁጥሩ ከታላቁ አዳራሽ ያነሰ ቢሆንም መጥፎ አይደለም። ሁለት ዓሣ ሻጭ፣ አንድ ሉካንዳ፣ አንድ ጥሩ ዳቦ ቤት አለ። ቡናችንን እዚያው ጠጥተን ለባለ ሕንፃው የምትጽፈውን ደብዳቤ አረቀቅን። ሦስት ነገር ነው የጠየቀችው፦ መብት የሚያስተወው ገጽ ይነሣልኝ ወይስ አይነሣልኝም፤ የዓሣ ሻጮቹ ውል መቼ ያበቃል፤ ሲያበቃ በምትካቸው ጥሬ ምግብ ሻጭ ለማስገባት አስባችኋል ወይስ ምግብ ቤት።

«ሦስተኛውን ይመልሱልኝ ይሆን?» አለችኝ። ካልመለሱም መልስ ነው አልኳት። ለሽማግሌው ደግሞ ከጠየቀው ዋጋ ላይ የዕቃውን ግምት ብቻ እንድትሰጠው፣ የቁልፉን ነገር ደብዳቤው ሲመለስ እንደምትነጋገር እንድትነግረው መከርኋት። ይህን እስከ ጻፍሁበት ሰዓት ከባለ ሕንፃው አንድ መልስ ደርሷታል። ገጹን ማንሣት ይቻላል፣ ግን ኪራዩ ይጨምራል ብለዋል። ስለ ዓሣ ሻጮቹ በስብሰባ እንነጋገርበት ብለው ለሚመጣው ወር ቀጥረዋታል። ሽማግሌውም ስድስት ሳምንት ሊታገሣት ተስማምቷል፤ ሌላ ገዢ እንዳልመጣለት የተረዳሁት ከዚህ ነው።